የመጋዘን ኃይል ቁጠባ፦ መብራት፣ በር፣ ባትሪና ማቀዝቀዣ ሲመረጡ የትኛው ከየትኛው ይሻላል?

ለመጋዘን ኃይል ቆጣቢ ዕቃ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው ዋት ነው። ይሄኛው 400፣ ያኛው 150። ቢሉ የሚሰላው ግን በኪሎዋት ሰዓት ነው። 150 ዋት የሚበላ መብራት ማንም በማያልፍበት መተላለፊያ ላይ 12 ሰዓት ሲበራ ካደረ 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 400 ዋቱ ሥራ ባለበት ሁለት ሰዓት ብቻ ቢበራ የሚበላው የዚያን ግማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች እያንዳንዱን አማራጭ የምንመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ሲሠራ ምን ያህል ይወስዳል? ሥራ በሌለበት ሰዓትስ በራሱ ይጠፋል ወይ? ውድ ዕቃ ተገዝቶ ቢሉ ንቅንቅ የማይለው ሁለተኛው ጥያቄ ሲረሳ ነው።

ከግዢ በፊት፦ የአንድ ሳምንት ልኬት

የዋናውን ቆጣሪ ንባብ ለ7 ተከታታይ ቀናት፣ የእረፍት ቀንን ጨምሮ፣ በየ15 ደቂቃው ያውጡ። ብዙ ዘመናዊ ቆጣሪዎች ይህን መዝግበው ይይዛሉ። የማይዝ ከሆነ መጋዘኑ ሲዘጋና ሲከፈት ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል። ከተዘጋ እስኪከፈት ባሉት 10 ሰዓታት ቆጣሪው 300 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጠረ፣ ማንም በሌለበት በአማካይ 30 ኪሎዋት ሲፈስ አድሯል ማለት ነው። ብርድ ክፍል ለሌለው መጋዘን ይህ ብዙ ነው፤ ምንጩ ሳይታወቅ ወደ ግዢ መሄድ አይገባም።

ምንጩን ለማግኘት ከማከፋፈያ ሰሌዳው መስመር በመስመር በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ ጅረት በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ተራ ክላምፕ ሜትር የሚያሳየው አምፔር ብቻ ነው። ያለ ጭነት የሚሽከረከር ሞተር ፓወር ፋክተሩ (ከሚቀዳው ውስጥ በእውነት ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ስለሚወርድ አምፔሩ ብዙ ሆኖ እውነተኛ ኪሎዋቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አምፔርን በቮልት አባዝቶ «ይሄ ሞተር ነው የሚበላን» ማለት ሰውን ያሳስታል። ለሞተርና ለኮምፕሬሰር መስመሮች ኪሎዋትና ፓወር ፋክተር የሚያነብ መሣሪያ ይጠቀሙ። ለማጣራት ብሬከር መንካት ካስፈለገ የእሳት ማስጠንቀቂያውና የብርድ ክፍሉ መስመር የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ።

ልኬቱ ቅደም ተከተሉን ያሳያል። ማሞቂያም ማቀዝቀዣም በሌለው ደረቅ መጋዘን አብዛኛውን የሚይዙት መብራትና የፎርክሊፍት ቻርጀር ናቸው። ብርድ ክፍል ባለበት ግን ትልቁን ድርሻ ማቀዝቀዣው ይወስዳል፤ እዚያ ከመብራት በፊት በሩን ማየት ይቀድማል።

መብራት፦ ሜታል ሃላይድ፣ ቲ5 ፍሎረሰንት ወይስ ኤልኢዲ?

በከፍተኛ ጣሪያ ሥር በብዛት የሚገኘው አሮጌ መብራት 400 ዋት ሜታል ሃላይድ ነው። ባላስቱ (የአምፖሉን ጅረት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ሲጨመር ከመስመር የሚወስደው 455 ዋት ገደማ ነው። አዲስ አምፖል 36,000 ሉመን (የሚወጣው ብርሃን መለኪያ) ያህል ይሰጣል፤ ግን እያረጀ ሲሄድ ብርሃኑ በሲሶና ከዚያም በላይ ይወርዳል፣ የተረፈውም ከፊሉ በአንጸባራቂው ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ከ20,000 እስከ 22,000 ሉመን የሚሰጥ 150 ዋት ኤልኢዲ ሊተካው የሚችለው።

60 መብራት በዓመት 4,000 ሰዓት የሚያበራ መጋዘን እናስብ። በሜታል ሃላይድ 109,200 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። አራት ባለ 54 ዋት ቱቦ ያለው ቲ5፣ ባላስቱን ጨምሮ 234 ዋት ቢሆን፣ 56,160 ይሆናል። ባለ 150 ዋት ኤልኢዲ 36,000 ነው። ለዚሁ ኤልኢዲ ሴንሰር ተጨምሮ ሰው ባለበት 35 በመቶው ሰዓት ሙሉ እየበራ፣ በቀረው ወደ 10 በመቶ ኃይል ቢወርድ 15,000 አካባቢ ይደርሳል። ሜታል ሃላይድን በሴንሰር ማጥፋትና ማብራት አይቻልም፤ ከጠፋ በኋላ ቀዝቅዞ እንደገና ለመብራት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። የኤልኢዲ ትልቁ ጥቅም በቅጽበት መጥፋትና መብራት መቻሉ ነው ብንል አናጋንንም። ያለ ሴንሰር የተገዛ ኤልኢዲ ግማሽ መንገድ ነው።

ሲመርጡ ከዋት ቀጥሎ የሚታየው የብርሃኑ አጣጣል ነው። ለክፍት ወለል ክብ ሰፊ ጨረር ይስማማል። በረጃጅም መደርደሪያዎች መካከል ላለ ጠባብ መተላለፊያ ግን ሰፊው ጨረር የላይኛውን ፓሌት ጀርባ ያበራና ለቃሚው የሚያነበውን የታችኛውን መለያ በጨለማ ይተወዋል። እዚያ የሚያስፈልገው ወርዱ ጠቦ ርዝመቱ የተዘረጋ የመተላለፊያ ሌንስ ነው። ለክምችት ቦታ ከ100 እስከ 150 ሉክስ (በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ)፣ ዕቃ ለሚለቀምበት 200፣ ለማሸጊያ ጠረጴዛ 300 ሉክስ በቂ መነሻ ነው። ሉክሱን ወለል ላይ ብቻ ሳይሆን በመደርደሪያው ፊት ላይም ይለኩ፤ ሠራተኛው የሚያነበው ቆሞ ያለውን ገጽ ነው።

ሌላው የጣሪያው ሙቀት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፀሐይ ሲበረታ አየሩ 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቶሎ የሚሞተው ደግሞ ከኤልኢዲው ይልቅ ድራይቨሩ (ለኤልኢዲው ኃይል የሚመጥነው ክፍል) ነው። መግለጫው ላይ የሚፈቀደው የአካባቢ ሙቀት 40 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ለእንዲህ ዓይነት ጣሪያ አይግዙት፤ 50 ወይም 55 ይፈልጉ። በብርድ ክፍል ነገሩ ይገለበጣል። ፍሎረሰንት በቅዝቃዜ ይደበዝዛል፣ ኤልኢዲ ግን ይመቸዋል፤ ከመብራቱ የሚወጣው ሙቀት ስለሚቀንስም ማቀዝቀዣው ይቀልለታል።

በሴንሰር በኩል ሁለት ዓይነት አለ። የሰውነትን ሙቀት የሚያየው ፒአይአር ማየት የሚችለው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው። ለ12 ሜትር ከፍታ የተሠራ ሌንስ ከሌለው ከወለል ያለውን ሰው አያየውም። ማይክሮዌቭ ሴንሰር የበለጠ ንቁ ነው፤ ግን በካርቶንና በስስ ግድግዳ አልፎ የጎረቤቱን መተላለፊያ እንቅስቃሴ፣ አንዳንዴም የአየር ማራገቢያን ያነባል። ለመደርደሪያ መተላለፊያ ፒአይአር የተሻለ ምርጫ ነው።

በፒአይአርም ቢሆን ተደጋግሞ የሚታይ ችግር አለ። ፎርክሊፍት በዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ፣ ማንም ያልገባባቸው መተላለፊያዎች አንድ በአንድ ይበራሉ። ምክንያቱም በእያንዳንዱ መተላለፊያ አፍ ላይ ያለው የመጀመሪያው ሴንሰር ዋናውን መንገድ ያያል። መፍትሔው ከብዙ ሴንሰሮች ጋር በሳጥኑ የሚመጣው ትንሽ የፕላስቲክ መሸፈኛ ነው፤ ተቆርጦ በሌንሱ ላይ ወደ ዋናው መንገድ የሚያየውን ጎን ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ ገጣሚዎች ከነሳጥኑ ይጥሉታል። የመቆያ ጊዜውንም ያረጋግጡ። ከፋብሪካ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሆኖ የመጣውን ለመተላለፊያ ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ ያውርዱት። ፎርክሊፍት በሚሄድበት ቦታ ጨርሶ ከማጥፋት ማደብዘዝ ይሻላል፤ ሹፌር ወደ ድቅድቅ ጨለማ መግባት የለበትም።

በር፦ የፕላስቲክ መጋረጃ፣ የአየር መጋረጃ ወይስ ፈጣን በር?

መጋዘንዎ የማይሞቅና የማይቀዘቅዝ ከሆነ ይህን ክፍል ይዝለሉት። ውጭና ውስጥ አንድ ዓይነት ሙቀት ባለበት ውድ በር ኃይል አይቆጥብም፤ አቧራና ዝንብ ቢከላከልም ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሙቀቱ ለሚለያይ ክፍል ግን በሩ ዋናው ቀዳዳ ነው። አዲስ የተገጠመ የፕላስቲክ መጋረጃም ሆነ አዲስ ፈጣን በር ክፍት በር ከሚያሳልፈው አየር 95 በመቶ ያህሉን ሊያግድ ይችላል። ምልልስ ሲበዛና ጥገና ሲጓደል ይህ በፍሪዘር በር ላይ ወደ 80፣ በሌላው ወደ 85 በመቶ ቶሎ ይወርዳል። ከላይ ወደ ታች አየር የሚነፋው የአየር መጋረጃ ከሁሉ የሚለዋወጥ ነው፤ ከከንቱ አንስቶ እስከ 70 በመቶና ከዚያ በላይ። በትክክል ካልተስተካከለ፣ ወይም ከውጭ ነፋስ በቀጥታ ከሚመታው በር ላይ ከተሰቀለ፣ ኃይል የሚበላ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

በወረቀት ላይ እኩል የሆኑት መጋረጃውና ፈጣኑ በር በሥራ ላይ የሚለያዩት በሰው ጠባይ ነው። ፕላስቲኩ ሲጫጫርና ሲደበዝዝ ሹፌሩ ወዲያ ማዶ ማየት ያቅተዋል፤ በፍሪዘር በኩል ደግሞ በረዶ ይይዘውና ይደርቃል። በሁለተኛው ወር ሁለት ሦስቱ ተቆርጠዋል፣ የቀሩት በገመድ ወደ ጎን ታስረዋል። በሰዓት ከ10 ምልልስ በታች ላለው በር መጋረጃው በቂ ነው፤ ቁራጮቹ ግማሽ በግማሽ እንዲደራረቡ፣ ሁለት ሦስት መለዋወጫም በመደርደሪያ እንዲኖር ያድርጉ። በሰዓት ከ20 ምልልስ በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ፈጣን በር ይሂዱ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። 3 ሜትር ከፍታ ያለው በር በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢከፈት ለመከፈት 2 ሰከንድ፣ ክፍት ሆኖ ለመቆየት 5፣ ለመዘጋት 5 ሰከንድ ይወስዳል። በቀን 200 ጊዜ ቢሆን 40 ደቂቃ ነው። ዘገምተኛ በር ያለበት ክፍል ሹፌሮች እየጠበቁ መቆም ስለማይችሉ በሩን ከፍተው ይተዉታል፤ ያ ሙሉ ፈረቃ፣ 8 ሰዓት ነው። ግን የፈጣኑ በር ራዳር በአጠገቡ ለሚያልፍ ሁሉ የሚከፍት ከሆነ ጥቅሙ ይበተናል። የማየት ስፋቱን ያጥብቡ፣ የመዝጊያ ጊዜውን ወደ 3 እስከ 5 ሰከንድ ያውርዱ።

በመኪና መጫኛ መድረክ ላይ ደግሞ ምርጫው በስፖንጅ ትራስና በጨርቅ ክንፍ መካከል ነው። ትራሱ በመኪናው ጀርባ ስለሚጨመቅ የበለጠ ያሽጋል፤ ግን የመኪኖቹ ቁመትና ወርድ ተመሳሳይ መሆን አለበት፣ በየጊዜው ስለሚፋተግም ቶሎ ይቀደዳል። ብዙ ዓይነት መኪና የሚመጣበት መድረክ ክንፍ ያለውን መምረጥ አለበት። የትኛውም ቢመረጥ ፈተናው አንድ ነው። በቀን፣ መኪና ተጠግቶ በሩ ተከፍቶ ሳለ፣ በውስጥ በኩል መብራቱን አጥፍተው ይቁሙ። የቀን ብርሃን በገባበት ሁሉ አየርም ይገባል። ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ የሚታየው መኪናው ጎን ላይ ሳይሆን ከታች፣ መድረኩን ከመኪናው ወለል ጋር በሚያገናኘው ማመጣጠኛ ሳህን ግራና ቀኝ ነው፤ እዚያ የሚገጠም የብሩሽ ወይም የጎማ ማሸጊያ ከሁሉ የሚረክሰው ጥገና ነው።

ፎርክሊፍት፦ ሊድ አሲድ ወይስ ሊቲየም?

48 ቮልት 600 አምፔር ሰዓት ባትሪ 28.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። 80 በመቶው በፈረቃ ቢወጣ 23 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ለመመለስ ከግድግዳው የሚቀዳው እንደ ባትሪውና እንደ ቻርጀሩ ይለያያል፦

– ሊድ አሲድ በአሮጌ ባለ ትራንስፎርመር ቻርጀር፦ 35 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ
– ሊድ አሲድ በሃይ ፍሪኩዌንሲ ቻርጀር፦ 31 ገደማ
– ሊቲየም ከራሱ ቻርጀር ጋር፦ 26 ገደማ

እዚህ ላይ የሚታለፍ መካከለኛ መንገድ አለ። ባትሪው ገና ጤነኛ ከሆነ ቻርጀሩን ብቻ መቀየር የልዩነቱን ግማሽ ያህል ያመጣል። አዲሱ ቻርጀር ባትሪው ሲሞላ በትክክል ስለሚያቆም ከመጠን በላይ መሙላትም ይቀራል፤ ውኃው ቶሎ አያልቅም።

በአንድ ፈረቃ ለሚሠራ መጋዘን ሊድ አሲድ አሁንም ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። 8 ሰዓት ይሠራል፣ 8 ሰዓት ይሞላል፣ 8 ሰዓት ይቀዘቅዛል። በሁለትና በሦስት ፈረቃ ግን ለእያንዳንዱ ማሽን ሁለት ሦስት ባትሪ፣ መቀየሪያ ክሬንና የባትሪ ክፍል ያስፈልጋል። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚወጣና በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ክፍሉ ዘወትር የሚሠራ አየር ማስወጫ ይፈልጋል፤ ማራገቢያው ራሱ ከቢሉ ላይ አለ። ሊቲየም ይህን ሁሉ ያስቀራል፣ በእረፍት ሰዓት 20 እና 30 ደቂቃ መሙላትም ይችላል። በዑደት ሲቆጠር ሊድ አሲድ 1,500 አካባቢ፣ ሊቲየም ብረት ፎስፌት 3,000 እና ከዚያ በላይ ያገለግላል።

ሊቲየምን የሚያበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። በፍሪዘር የሚሠራ ማሽን ማሞቂያ ያለው ባትሪ ይፈልጋል፣ ወይም ከክፍሉ ወጥቶ ይሞላ። ሁለተኛ፣ ክብደቱ ከሊድ አሲድ ያነሰ ነው። የፎርክሊፍት ባትሪ ሚዛን መጠበቂያም ስለሆነ በማሽኑ የመረጃ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ የባትሪ ክብደት በብረት መሟላት አለበት፤ ካልሆነ ማሽኑ ከነጭነቱ ሊገለበጥ ይችላል። ሦስተኛው ቢሉን ይመለከታል። 10 ማሽኖች በምሳ ሰዓት እያንዳንዳቸው በ10 ኪሎዋት ቢሰኩ በአንድ ጊዜ 100 ኪሎዋት ይጨመራል። ከኪሎዋት ሰዓቱ ሌላ በወሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ በወሰደው ከፍተኛ ኪሎዋት ለሚከፍል ደንበኛ ይህ ሙሉውን የኃይል ቁጠባ ሊበላው ይችላል። የእረፍት ሰዓቱን በሁለት ቡድን ይክፈሉ፣ ወይም ቻርጀሮቹ ተራ በተራ እንዲሞሉ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ከአቅራቢው ይጠይቁ።

ሙቀትና አየር

ሞቃት አየር ወደ ጣሪያ ስለሚወጣ በሚሞቅ መጋዘን በየሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። በ10 ሜትር ጣሪያ ሥር የሚከማቸው ሙቀት ለማንም አይጠቅምም። ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ቀርፋፋ ግዙፍ ማራገቢያ ይህን አየር በ1 ወይም 1.5 ኪሎዋት ወደ ታች ይመልሰዋል። በሙቀት ወቅት ያው ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው ላብ ያለበትን ሰው እንጂ አየሩን አይደለም፤ ሰው በሌለበት ቦታ ለካርቶን እየነፋ መዋል የለበትም። የእሳት ማጥፊያ ስፕሪንክለር ካለ ማራገቢያው በአራት ስፕሪንክለሮች መካከል፣ ከመርጫው ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መሰቀልና ውኃ መፍሰስ ሲጀምር በራሱ መቆም አለበት። ይህ ሳይታሰብ የተገጠመ ማራገቢያ በምርመራ ጊዜ እንዲወርድ ይታዘዛል።

ማሞቂያ ሲመረጥ፣ በሩ ቶሎ ቶሎ ለሚከፈት ቦታ የጨረር ማሞቂያ ይሻላል፤ ሰውንና ወለሉን በቀጥታ ስለሚያሞቅ የሞቀው አየር ቢወጣም ሁሉም አይጠፋም። በደንብ ለታሸገ ሕንጻ ሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ) ያሸንፋል፤ መለስተኛ ቅዝቃዜ ባለበት ለአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። በውኃ ትነት የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ለደረቅ አየር ርካሽና ጥሩ ነው፣ ካርቶን ለሚከመርበት ግን እርጥበቱ ይጎዳል። ጣሪያውን ነጭ አንጸባራቂ መቀባት የሚጠቅመው ፀሐይ ለሚበረታበትና ለሚቀዘቅዝ ሕንጻ ነው፤ አቧራ ሲሸፍነው ስለሚዳከም የማጠብ ወጪውንም ያስቡ።

ብርድ ክፍል፦ አዲስ ኮምፕሬሰር ከመግዛት በፊት

ከሁሉ የሚቀድመው የኢቫፖሬተር (በክፍሉ ውስጥ ሆኖ አየሩን የሚያቀዘቅዘው አካል) ማራገቢያዎች ፍጥነት ነው። የማራገቢያ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በኩብ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። በክፍሉ ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር ሙቀቱንም እዚያው ስለሚለቅ፣ የተቆጠበው ኃይል ሁለተኛ ጊዜ በኮምፕሬሰሩ ላይ ይታያል። ማራገቢያን በማብራትና በማጥፋት ከማስተዳደር ይልቅ ሁሉንም በፍጥነት መቆጣጠሪያ ቀስ ማድረግ የተሻለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ኮንደንሰሩን (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚለቀውን አካል) ማጠብ ነው። የኮንደንሲንግ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲወርድ ወይም የኢቫፖሬቲንግ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ሲል ኮምፕሬሰሩ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይቆጥባል። ዕቃው ‑18 ዲግሪ የሚፈልግ ሆኖ ክፍሉ «ለጥንቃቄ» በ‑24 የሚያዝ ከሆነ ቁጠባው ያለ ግዢ እጅዎ ላይ ነው። ዲፍሮስትን (የኢቫፖሬተሩን በረዶ ማቅለጥ) በሰዓት ቆጣሪ ከሚያስነሳው ይልቅ በረዶ ሲኖር ብቻ የሚያስነሳው ይሻላል። ግን በሩ እርጥብ አየር ማስገባቱን ካላቆመ የትኛውም ዲፍሮስት አያሸንፍም።

አንድ ነገር ግን ለቁጠባ ተብሎ ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ የፍሪዘር ወለል ሥር ያለው ማሞቂያ። ከጠፋ አፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋል፣ መደርደሪያዎቹም ያዘማሉ።

የታመቀ አየርና የፀሐይ ኃይል

የታመቀ አየር ባለበት በ7 ባር ግፊት 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሳይቋረጥ 3 ኪሎዋት ያህል ያስወጣል። ፈረቃ ሲያልቅ ዋናውን ቫልቭ መዝጋትና ግፊቱን በ1 ባር ማውረድ፣ ይህም ከ6 እስከ 7 በመቶ ይቆጥባል፣ ከአዲስ ኮምፕሬሰር ይቀድማል። ሰፊ የመጋዘን ጣሪያ ለፀሐይ ፓነል ይጋብዛል፤ ፓነሉ ከነመያዣው በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ስለሚጨምር መሐንዲስ የጣሪያውን አቅም ያስላ። መጠኑን ግን ሌላው ቁጠባ ካለቀ በኋላ ይወስኑ፤ ነገ ለሚጠፋ ጭነት ዛሬ ፓነል መግዛት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

የትኛውንም ሲገዙ ከአቅራቢው ጋር በሚደረገው ውል ላይ ሦስት ነገር ያስጽፉ። የተቀየረው መስመር ከሥራው በፊት 2 ሳምንት፣ ከሥራው በኋላ 2 ሳምንት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ይለካ፤ ውጤቱም በተንቀሳቀሰ ፓሌት ይካፈል፤ ሥራ የበዛበት ሳምንት ሥራ ከቀዘቀዘበት ጋር እንዳይወዳደር። የሴንሰር፣ የበርና የቻርጀር ማስተካከያዎች በቁጥር ተጽፈው ይረከቡ። የሴንሰሮቹ ማስተካከያ ሪሞትና የይለፍ ቃላቸውም ከገጣሚው ጋር እንዳይሄዱ፣ ለመጋዘኑ ጥገና ክፍል በፊርማ ይሰጡ።